የምሳ ዕቃው አፍ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ የቤዛ ቦርሳ ሸተተኝ። ሌላ ሰው ቢሆን የኮመጠጠ ሽሮ ነው ብሎ አጥቦ ያሰጣው ነበር፤ እኔ ግን ቦርሳውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ቁጭ አልሁ። በሽሮ የራሰ ወረቀት ሽታው የሽሮም የወረቀትም አይደለም፤ የራሱ የሆነ እርጥብ፣ ቆምጣጣ ሽታ አለው፤ አንዴ ያወቀው አፍንጫ አይስተውም። እኔ ያወቅሁት ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት፣ በእናቷ ቦርሳ ነው። ቦርሳ ካሉት ነው እንጂ ከስንዴ ጆንያ ሰፍቼ በገመድ ያንጠለጠልሁት ነገር ነበር። ቤዛ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚህ መካነ ሰላም ከእኔ ጋር ትኖራለች፤ እናቷ ትርንጎ፣ ልጄ፣ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። የቤዛን ደብተር ሳወጣ ገጾቹ ተጣብቀዋል፤ መሀላቸው አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘሁ። አንብቢልኝ አልኋት፣ አነበበችልኝ። «ወላጆች ሆይ፣ ለልጆቻችሁ ፈሳሽ ምግብ ባትልኩ እንመርጣለን» ይላል። እንመርጣለን! እኔም እመርጣለሁ። ጾም ነው፤ ልጅቱ ሰባት ሞልቷት ዘንድሮ መጾም ጀምራለች። የማይፈስ የጾም ምግብ ካለ አስተማሪዋ ይምጡና ይንገሩኝ። ሽሮ ይፈሳል፣ ምስር ይፈሳል፣ ተልባማ የተሠራው ለመፍሰስ ነው። ነገሩ ማካሮኒ ላኩ ለማለት ነው፤ በግልጽ ቢሉት ምን ነበረበት።

ስለሚፈስ ምግብ እኔን የሚያስተምረኝ የለም። ወጥ በትኩሱ አይዘጋም፤ በትኩሱ ከዘጉት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ያችም ውሃ መውጫ አታጣም። እስከ አፉ አይሞላም፤ ሁለት ጣት ያህል ይተዋል። እንጀራውን ከታችም ከላይም አድርገው ወጡን መሀል ቢያደርጉት የታችኛው ይጠጣዋል፣ የላይኛው ይከድነዋል። ከክዳኑ ስር ፌስታል ይወጠርና ዙሪያው በላስቲክ ይታሰራል። ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ አይገባም ይባላል፤ ልጅ ቦርሳዋን አቁማ ይዛ በቀስታ የምትራመድበት አገር የት እንዳለ ግን አላውቅም። ይህ ሁሉ ዘዴ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚበጀው ሽሮውን ማወፈር ነው፤ ወፍራም ሽሮ ቢዘቀዝቁትም ቦታውን አይለቅም። እኛ ቤት ያኔ ሽሮው የሚፈሰው ስለሚቀጥን ነበር፤ የሚቀጥነው ደግሞ ዱቄቱ ስለማይበቃ ነበር። ሰው እንዲህ ብሎ አይናገርም፤ ክዳኑ ልል ሆኖ ነው ይላል። እኔም ለሰው የምለው እሱኑ ነበር።

ያ ወረቀት ከመጣ ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ከሪያድ የተመለሰች አንዲት የአቀስታ ልጅ ትርንጎ የላከችውን ዕቃ አደረሰችልኝ። ለቤዛ ጫማ፣ ለእኔ ሻርፕ፣ ከዚያ አንድ ምሳ ዕቃ። ቀለሙ ሮዝ ነው፤ በአራቱም ጎኑ ቀጭ የሚል መቆለፊያ አለው፤ ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ከትንሿ ጣቴ የቀጠነ ነጭ ጎማ ዙሪያውን ተኝቷል። ትርንጎ ወረቀቱን በስልክ ስነግራት ምንም አላለችኝም ነበር፤ ለካ ሰምታኝ ኖሯል። ውሃ ሞላሁት፣ አፉን ገጠምሁት፣ ግቢ ወጥቼ ዘቅዝቄ ነቀነቅሁት። ጠብ የሚል ነገር የለም። ቤዛ አጨበጨበች። እኔን ግን ደስታ ሳይሆን ንዴት ነው የያዘኝ። ይህቺ ናት? ይህቺ ጎማ ናት የጠፋችብን? የልጄ ዕድሜ ይህቺን በማጣት ነው የተቃጠለው? ጮክ ብዬ ሳላወራ አልቀረሁም፤ ቤዛ ቀሚሴን ይዛ «እማማ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» አለችኝ። ከጎማው ጋር ነው አልኋት፤ ሳቀች። እኔ ግን እውነቴን ነበር።

ያኔ የምንኖረው ከተማ ውስጥ አልነበረም፤ ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ ከመካነ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ መንደር ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ ኑሮዬ አረቄ ነበር፤ ማውጣቱ እንጂ መጠጣቱ አይደለም። በገበያ ቀን ጀሪካኔን አዝዬ ወደ ከተማ እመጣለሁ፤ ትርንጎ ደግሞ ለትምህርት በየቀኑ ትመጣለች። መናኸሪያው ማዕዘን ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። በሯ ላይ በተሰቀለ ቴፕ ቀኑን ሙሉ በትዝታ ቅኝት የሚያለቅስ አንድ ካሴት ታጫውታለች፤ ካሴቱ እያረጀ ሲሄድ ዘፋኙ የሰከረ ይመስል ነበር። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ደብተር አንድ ብር ከሃምሳ። ጀሪካኔን አራግፌ ስመለስ እዚያ ጥግ ቁጭ እልና አንድ ሻይ ለሁለት እንጠጣለን፤ ትርንጎ ስኳሩ ስር ስለሚቀር መጨረሻውን ነው የምትወደው። ዛሬ በዚያ ማዕዘን ላይ ሞባይል የሚሸጥበት ፎቅ ቆሟል፤ ሲያልፉት ጆሮ የሚያደነቁር ዘፈን ይለቅቃል፤ ቤዛ ግጥሙን በቃሏ ታውቀዋለች። ትርንጎ የነበራት አንድ ሰማያዊ ሹራብ ነው፤ ክርኑ ሲቀደድ ሰማያዊ ክር አጥቼ በቢጫ ጠቀምሁላት። የላስቲክ ጫማዋን ጠዋት በዚያ ውርጭ በእጇ ይዛ ትሄድና ከተማው ጫፍ ስትደርስ ነው የምታጠልቀው፤ እንዳያልቅባት። አሁን ከሪያድ በየጊዜው ጫማ ትልካለች፤ ቤዛ ሦስት ጥንድ ጫማ አላት፣ ሁለቱ ገና ሳይነኩ ጠበዋታል።

ትርንጎ ምሳዋን የምትይዘው በዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። ክዳኑ የተጣመመ ነው፤ ሽሮው በየቀኑ ይፈስና ደብተሯን ያርሰዋል። ከትምህርት ስትመለስ ፀሐይ ሳትገባ ደብተሯን ድንጋይ ላይ ገልጣ ታሰጣዋለች፤ ገጹ ሲደርቅ ቢጫ ሆኖ እንደ ቂጣ ይንኮሻኮሻል። ልጆቹ «ባለሽሮዋ» ይሏት ነበር አሉ። እሷ ነግራኝ አታውቅም፤ የሰማሁት ከጎረቤቴ ከዘሃራ ነው፤ የዘሃራ ልጅ አብራት ትማር ነበር። መላ ፍለጋ ያልሞከርሁት የለም። ፌስታል ወጠርሁ፣ የክዳኑ ስለት ቀደደው። ጨርቅ አሰርሁ፣ ጨርቁ ሽሮውን ጠጥቶ ባሰ። አንድ ቀን ጠዋት አረቄ ሳወጣ እንስራዬን ልብ ብዬ አየሁት። አረቄ ሲወጣ እንስራውና መቃው የሚገናኙበት ቦታ በሊጥ ይመረጋል፤ በደንብ ከተመረገ ስሩ እሳት እየነደደ እንኳ እንፋሎት አያመልጥም። ይህን ሥራ እጄ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ታዲያ እንፋሎት ካላመለጠ ሽሮ በየት በኩል ሊያመልጥ ነው ብዬ አንድ እፍኝ ዱቄት አቦካሁና የጣሳውን አፍ ዙሪያውን መረግሁት። ትርንጎ ያን ቀን ስትመለስ የጮኸችው ገና ከሩቅ ነው፤ «እማ! ጠብ አላለም! አንዲትም ጠብ አላለም!» እያለች ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ደብተሯን ገልጣ ነጩን ገጽ አሳየችኝ። ማንበብ ባልችልም ነጭ መሆኑን አየሁ።

መስከረም አልፎ አዝመራው ሳይደርስ ዱቄት ተመናመነ። የሚበላ ሳይኖር በየቀኑ እፍኝ ዱቄት ለምርጊት ማጥፋት አንጀቴ አልቻለም። ስለዚህ ከአረቄው እንስራ ላይ የላጥሁትን ሊጥ ውሃ ነክሬ፣ አለስልሼ፣ በጣሳው አፍ ላይ መምረግ ጀመርሁ። ለእኔ ብልሃት ነበር፤ እንዲያውም በራሴ ተደንቄ ነበር። ትርንጎ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች፤ አንድ ቀን «ይሄ አይሸትም እማ?» ብላኝ ነበር። ምኑ ይሸታል አልኋት። ሲሸት አልተሰማኝም፤ አፍንጫዬ አረቄ ውስጥ ኖሮ ኖሮ ለአረቄ ሽታ ሞቷል።

ሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያ ከሰነበትን በኋላ ትርንጎ «ወላጅ አምጪ ተብያለሁ» አለችኝ። ምን አጠፋሽ ብላት እንጃ አለች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከክፍሏ ሦስተኛ የወጣች ልጅ ናት። ነጠላዬን አጥቤ ለብሼ ተከትያት ሄድሁ። ቢሮው ውስጥ አስተማሪዋና ዳይሬክተሩ ነበሩ፤ በሌላ ጉዳይ የመጣች አንዲት ወላጅም ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እሷን አውቃታለሁ፤ መናኸሪያው አጠገብ ሆቴል ያላት፣ ወርቅ በወርቅ የሆነች፣ አረቄ የምትረከበኝ ትልቋ ደንበኛዬ ናት። ጠረጴዛው ላይ የልጄ ጣሳ ተቀምጧል።

«እናት፣ ልጅዎ ጠጥታ ነው የምትመጣው» አለኝ አስተማሪው።

«ኧረ በማርያም! ልጄ አረቄ በአፏ ዞሮ አያውቅም» አልሁ።

«ቦርሳዋ አረቄ አረቄ፣ ምሳዋ አረቄ አረቄ ይላል። እኔም የዚህ አገር ልጅ ነኝ፣ አያታልሉኝ።» ደርቆ የተቆራረሰ ሊጥ አነሳና አፍንጫዬ ስር አስጠጋው። «ይሄ የአረቄ እንስራ ምርጊት ነው። ምሳ ዕቃዋ ላይ ማን አደረገው?»

ያኔ ገባኝ። ወዲያው ነው የገባኝ። «እኔ ነኝ» ብል ይበቃ ነበር፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር። ነገር ግን ያቺ ሴትዮ አገጯን በእጇ ደግፋ ታየኛለች። ከእንስራ ላይ የላጠችውን ሊጥ በልጇ ምግብ ላይ የምትመርግ ተብዬ በየሆቴሉ ሲወራብኝ ታየኝ። ድህነቴን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እንደዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ግን አልቻልሁም። «እንጃ፣ እኔ አላውቅም» አልሁ። ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። አልተናደደችም፤ የገረማት ነው የምትመስለው። «እማ ናት» ብትል ያልቅ ነበር። አላለችም፤ ዝም አለችልኝ። ዝምታዋ ይበልጥ አሳበደኝና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አዋረድሽኝ!» ብዬ በጥፊ መታኋት። ባለሆቴሏ «ተዪ፣ ልጅ ናት» ስትል ሰማሁ። ከእኔ እሷ ተሻለች።

ለአንድ ሳምንት አገዷት። ሳምንቱ ሲያልቅ ጠዋት ጣሳውን ስሰጣት አልተቀበለችኝም። «ትምህርቱ ይቅርብኝ እማ» አለች። ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ ዘሃራን ሽማግሌ ላክሁባት። ነይ አብረን እንሂድና እውነቱን ልንገራቸው ግን አላልኋትም። እሷ የጠበቀችው እሱን ነበር፤ አሁን አሁን ሳስበው በየጠዋቱ ፊቴን የምታየው ለዚያ ነበር። ከዚያ ወዲያ በአረቄው ሥራ ታግዘኝ ጀመር። እንጨት ትፈልጣለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ድፍድፍ ታማስላለች፤ ምርጊቱን ግን አትነካም። ጥቂት ዓመት እንደቆየን ወደ ዓረብ አገር ሠራተኛ የሚልክ ደላላ ቆንጆ ጃኬት ለብሶ መንደሩን መዞር ጀመረ፤ ሴት ልጅ ያለበትን ቤት ከእኛ በላይ ያውቀዋል። ትርንጎ አንዴም ሳታቅማማ ሄደች። አስተማሪው ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ከተማ አለ፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆቡን አንስቶ «ልጅዎ ደህና ናት?» ይለኛል፤ የትኛዋን ልጅ እንደሆነ የሚያስታውስ አይመስለኝም። ለእሱ ያ ቀን እንደሌላው ቀን ነው። ትርንጎ አሁን ሪያድ ውስጥ ሦስት ልጆች ላሏት እመቤት በየጠዋቱ ሦስት ምሳ ዕቃ ትሞላለች። ቤዛን እዚያው ወልዳ ገና ዓመት ሳይሞላት በሰው እጅ ላከችልኝ። ስለ አባቷ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሷም አልነገረችኝ። በእኔና በእሷ መሀል ያለው ነገር ሁሉ እንደተመረገ ነው የሚኖረው።

ይህን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ዘሃራ ናት። እሷም ልጆቿን ተከትላ ከተማ ገብታ ዛሬም አጥሯ ከአጥሬ ነው። ሮዙን ምሳ ዕቃ ባሳየኋት ጊዜ አገላብጣ አየችውና ጎማውን በጣቷ ተከትላ ዞረችው።

«በላይነሽ፣ ልጅቱ ምን እንደላከችልሽ አልገባሽም?» አለችኝ።

«ምሳ ዕቃ ነዋ!»

«ወላሂ አንቺስ ደርቀሻል። ጣሳውን አልረሳችውም እኮ። አላህ ዕድሜ ሰጥቶሽ ሳለ አፉ በይኝ በያት። ዛሬ ነገ ስትይ ሞት ቢቀድምሽስ?»

እኛ ዘንድ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የበደለ ሰው የበደለውን «አፉ በለኝ» ነው የሚለው። ይቅርታማ የሬዲዮ ቃል ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ እግር የረገጠም ይቅርታ ይላል። አፉ በለኝ ሲባል ግን ሰው ጎንበስ ብሎ ነው፤ የተበደለው «አፉ ብያለሁ» እስኪል ድረስ ቀና አይባልም። እኔ በዕድሜዬ ስንቱን አፉ በሉኝ ብያለሁ! ውሻዬ የዘሃራን ዶሮ በልቶ ዘሃራን አፉ በይኝ ብያታለሁ። የሞተ ባሌን ከመቃብሩ ላይ አፉ በለኝ ብዬዋለሁ። ልጄን አንድ ቀን አላልኋትም። «አብሽሪ፣ ከአፍሽ እስክትወጣ ነው ጭንቁ» አለችኝ ዘሃራ። ላደርገው ቆረጥሁ፤ ያን ሰሞን ውሃ ስቀዳም፣ ሽንኩርት ስልጥም በልቤ ስለማመደው ሰነበትሁ።

ትርንጎ የምትደውለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እመቤቷ ዘመድ ጥየቃ ስትወጣ ነው። በቪዲዮ ደወለች። ኩሽና ውስጥ ቆማለች፤ ከኋላዋ ነጭ መደርደሪያ ይታያል፤ ፀጉሯን ሸፍናለች፣ ጉንጮቿ ከስተዋል። ቤዛ መጀመሪያ አወራቻት፣ ምሳ ዕቃውን ከስልኩ ፊት ለፊት አዙራ አሳየቻት። ከዚያ ስልኩን ተቀበልሁ።

«እማ፣ በደህና ደረሰልሽ?»

«ደረሰልኝ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ።»

«ሞከርሽው?»

«ሞከርሁት።» ስልኩን ወደ ፊቴ አስጠጋሁ። «ትርንጎ።»

«አቤት።»

«አፉ በይኝ» አልሁ።

ምስሏ ቆመ። አፏ ትንሽ ከፈት እንዳለ፣ ዓይኗ ወደ ታች እንዳየ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ምስሉ ሳይነቃነቅ ድምጿ ብቻ መጣ።

«ተቆራረጠብኝ እማ። አፉ ነው ያልሽኝ? አፉማ ጎማ አለው እኮ። ስታጥቢው ጎማውን አውልቂው፣ መልሰሽ ስትከቺው ብቻ እንዳይጣመም። በደንብ ከገጠመ ጠብ አይልም።»

ጠብ አይልም አለችኝ። ኔትወርኩ ይሁን ልጄ ትሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ይህን ያህል ዘመን ሰው ቤት የኖረች ሴት ያልፈለገችውን ነገር እንዳልሰማች መሆን ትችልበታለች። ኔትወርኩም ክፉ ነው፤ ያንን መካነ ሰላም የሚኖር ሁሉ ይመሰክራል። ምስሏ ተመለሰ፤ ፊቷ እንደ ቀድሞው ነው።

«ሌላ የምትዪኝ አለ እማ?» አለችኝ። ወዲያው ስልኩን አልዘጋችውም፤ ጠበቀችኝ። እጇ መደርደሪያው ላይ ሆኖ፣ በቀጥታ እያየችኝ ጠበቀችኝ። ቤዛ ከጎኔ ቆማ ቀና ብላ ታየኛለች። እንዴት ብዬ በዚህች ልጅ ፊት እናትሽን እንዲህ አድርጌያት ነበር እላለሁ?

«የለም» አልሁ። «ምንም የለም።»

«እሺ እማ። በይ ደህና ሁኚ።»

ሰኞ ጠዋት ለቤዛ ሽሮ ሠራሁ። ዱቄት ሞልቶኛል፤ ማወፈር እችል ነበር። እጄ ግን የለመደውን ሠራ፤ ቀጠነ። አቀዘቀዝሁት፣ ሁለት ጣት አጉድዬ ጨመርሁት፣ አፉን ገጥሜ አራቱንም መቆለፊያ አንድ በአንድ ዘጋሁ። ቤዛ ቦርሳዋን አዝላ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች።

«እማማ» አለችኝ፣ «ዓርብ እለት እናቴን አፉ በይኝ ያልሻት ምን አድርገሻት ነው?»

እሷ ሰምታዋለች። ጥርት አድርጋ ሰምታዋለች።

«እንጃ» አልኋት፣ «እኔ አላውቅም።»

ምሳ ዕቃውን ዘቅዝቄ ነቀነቅሁት። ጠብ አላለም።